ሻጋታውን ከመፈግፈጋችሁ በፊት ውሃውን ፈልጉ

ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አያችሁ እንበል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። በረኪና ይረጫል፣ ይፈገፍጋል፣ ግድግዳው ነጣ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ትንሽ ሳምንታት ያልፉና ያው ነጠብጣብ እዚያው ቦታ ላይ ብቅ ይላል። እንደገና በረኪና፣ እንደገና ነጠብጣብ።

ይሄ የሚሆነው በረኪናው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሻጋታ የሚበቅለው እርጥበት ስላለ ነው። እርጥበቱ እስካለ ድረስ አስር ጊዜ ብትጠርጉት ተመልሶ ይመጣል። ስፖር የሚባሉት የሻጋታ ዘሮች በዓይን አይታዩም፣ ግን በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ አሉ፤ እነሱን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ምግባቸውም በሽ ነው። አቧራ ይበላሉ፣ ወረቀት፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የቀረ የሳሙና ቅሪት ሳይቀር ይበላሉ። በሙቅ አገር ደግሞ ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ ይመቻቸዋል። የሚቀራቸው ውሃ ብቻ ነው። እኛም በእጃችን ያለው እሱ ነው፣ ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከውሃው ነው።

ሙቅ አየር ውሃ ተሸክሞ ይዞራል

ስለ ሻጋታ በብዛት የሚሰጠው ምክር «መስኮት ክፈቱ» የሚል ነው። ምክሩ የመጣው በአብዛኛው ከቀዝቃዛ አገር ነው። እዚያ የውጭው አየር ደረቅ ስለሆነ ይሠራል። ሙቀትና ወበቅ ባለበት ቦታ ግን አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። ለምን እንደሆነ ከገባችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ ውሃ መሸከም ይችላል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 30 ግራም ይጠጋል። ውሃው እንፋሎት ስለሆነ አናየውም፣ ወበቁ ግን ቆዳችን ላይ ይሰማናል። ይሄ ውሃ የጠገበ አየር ከእሱ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ መሸከም ያቃተውን እዚያው ያራግፋል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያልበው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ውጭ 32 ዲግሪ ሙቀትና 70 ፐርሰንት እርጥበት ካለ (አየሩ በዚያ ሙቀት መሸከም ከሚችለው ውሃ 70 ፐርሰንቱን ይዟል ማለት ነው)፣ ያ አየር 26 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ማንኛውም ነገር ላይ ውሃ ማራገፍ ይጀምራል። 26 ዲግሪ ደግሞ ብዙም ቀዝቃዛ አይደለም። ኤሲ የገባለት ክፍል ግድግዳ፣ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ፣ የመስኮት መስታወት ሁሉም ከዚያ በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ኤሲውን 20 ላይ አድርጋችሁ «ንጹህ አየር ይግባ» ብላችሁ መስኮቱን ገርበብ ካደረጋችሁት፣ ግድግዳችሁን በገዛ እጃችሁ እያራሳችሁት ነው።

ጠብታ እስክታዩ መጠበቅም አያስፈልግም። ቀዝቀዝ ያለ ግድግዳን ታክኮ ያለው አየር ከክፍሉ መሃል የበለጠ እርጥብ ነው። ግድግዳው አጠገብ ያለው እርጥበት 80 ፐርሰንት ገደማ ደርሶ ለቀናት ከቆየ፣ አንድ ጠብታ ሳይታይ ሻጋታው ይጀምራል። «ግድግዳው እኮ ደረቅ ነው፣ ከየት መጣ?» የሚባለው ለዚህ ነው።

መለኪያ ይኑራችሁ

የአየር እርጥበት መለኪያ ትንሽ ዕቃ ናት፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት ሙቀትና እርጥበት ታሳያለች። ያለ እሷ የምትሠሩት ሥራ ግምት ነው። ዒላማችሁ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 ፐርሰንት በታች እንዲሆን ነው፤ ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ ከዋለ ደግሞ በጣም ጥሩ። ከ60 በላይ ለጥቂት ሰዓት ቢወጣ አትደንግጡ፣ ሻወር ተወስዶ ወይም ወጥ ቤት ድስት ተጥዶ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ወጥቶ ሳይወርድ ሲቀር ነው።

ርካሾቹ መለኪያዎች አንዳንዴ ይዋሻሉ፣ ግን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። አንድ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው ሙሉበት። ጨው እስኪሟሟ ሳይሆን ጭቃ እስኪመስል ብቻ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት። ክዳኑን ከመለኪያው ጋር በደንብ በሚዘጋ ፌስታል ወይም ግልጽ ዕቃ ውስጥ አድርጉና ሌሊቱን አሳድሩት፣ ጨው መለኪያውን እንዳይነካው ብቻ ተጠንቀቁ። እርጥብ ጨው የታሸገ አየርን 75 ፐርሰንት ላይ ያቆመዋል። ጠዋት መለኪያው 70 ካለ 5 ዝቅ አድርጎ እንደሚያነብ አወቃችሁ፣ ከዚያ በኋላ ባነበባችሁ ቁጥር 5 ትጨምራላችሁ።

መለኪያውን ክፍሉ መሃል ጠረጴዛ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። ቁም ሳጥን ውስጥ አሳድሩት፣ አልጋ ሥር አድርጉት፣ ሻጋታ የታየበት ጥግ ላይ አስጠጉት። በመሃልና በጥግ መካከል ያለውን ልዩነት ስታዩ ብዙ ነገር ይገባችኋል።

ውሃው ከየት እንደመጣ መለየት

ውሃ ወደ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። ከቧንቧ ወይም ከጣሪያ ያፈሳል፣ ከመሬት ወደ ግድግዳው ይወጣል፣ ዝናብ ግድግዳውን ሰርጎ ይገባል፣ አለበለዚያ ከአየሩ ይመጣል። መድኃኒታቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ከመሬት ለሚወጣ እርጥበት ኤሲ ብትገዙ ገንዘባችሁ ባከነ።

መጀመሪያ ቦታውን ተመልከቱ። ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ እድፍ ካለ የሚያፈስ ነገር አለ። ልብ በሉ፣ ውሃ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ከቀዳዳው ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። ግድግዳው ከወለሉ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ረጥቦ ከዚያ በላይ ደረቅ ከሆነ፣ ልስኑም እየተፈረፈረ ነጭ ዱቄት ካወጣ፣ ውሃው ከመሬት ነው የሚወጣው። አንድ ግድግዳ ብቻ፣ ያውም ዝናብ በጣለ ማግስት የሚረጥብ ከሆነ ከውጭ እየሰረገ ነው። ጥጉ፣ የቁም ሳጥን ጀርባ፣ የአልጋ ራስጌ፣ የመስኮት ዙሪያና የኤሲ አፍ አካባቢ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው አየሩ ያራገፈው ነው።

ነጩን ዱቄት ከነጭ ሻጋታ ጋር እንዳታምታቱት። ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ሟሙቶ ከጠፋ ጨው ነው፣ ከአፈርና ከሲሚንቶ የወጣ። ሻጋታ አይሟሟም፣ ውሃ ሲነካው ይጠወልግና እዚያው ይቀራል።

አሁንም ካልለየላችሁ ይሄንን ሞክሩ። ጎኑ ከክንድ አጠር ያለ ካሬ ፎይል ወይም ግልጽ ላስቲክ ቁረጡ። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁና ለጥፉት፣ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳይገባ በፕላስተር እሸጉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተዉት። ከዚያ በመጀመሪያ ሳትነቅሉት የውጭውን ገጽ በጣታችሁ ዳብሱት። ወደ ክፍሉ የዞረው ገጽ ከረጠበ ውሃው ከክፍሉ አየር ነው። የውጩ ደርቆ ስትነቅሉት ከሥሩ ጠብታ ካገኛችሁ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ሁለቱም ከረጠቡ ሁለቱም ችግር አለባችሁ ማለት ነው፣ በአሮጌ ቤት ይሄ የተለመደ ነው። ፈተናው ወለልም ላይ ይሠራል።

የተደበቀ የቧንቧ ፍሳሽ ለመያዝ ደግሞ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና እዩት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ከባለሙያ በፊት የሽንት ቤቱን ታንከር አረጋግጡ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሱ ነው።

ምንጩን መዝጋት

የሚያፈሰውን ቧንቧና ጣሪያ ማስጠገን ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልልም። አታቆዩት ብቻ።

ከመሬት የሚወጣው ግን ሰው የሚሳሳትበት ነው። የተለመደው መፍትሔ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ በዘይት ቀለም መቀባት ነው። ለጥቂት ወራት ያምራል። ውሃው ግን አልቆመም፣ መውጫ ስለተዘጋበት ብቻ ወደ ላይ ይወጣና ከአዲሱ ልስን በላይ ብቅ ይላል፣ ወይም ቀለሙን አሳብጦ ይልጠዋል። መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡና የቤቱን እግር ተመልከቱ። ግድግዳው ላይ የተከመረ አፈር አለ? የአበባ መደብ ተደግፎታል? የጣሪያ አሸንዳው ውሃውን የሚደፋው እዚያው ሥር ነው? መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው? አፈሩን አንሱት። መሬቱ ከቤቱ እየራቀ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል አድርጉ፣ የአሸንዳውንም ውሃ በቱቦ አርቁት። እነዚህ አካፋና ጉልበት እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቁም፣ እኔ ደግሞ ከማንኛውም ኬሚካል በፊት እነሱ ይቅደሙ እላለሁ። ይሄን አድርጋችሁም የማይደርቅ ከሆነ ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ የውሃ መከላከያ የለውም ማለት ነው፤ ያኔ የግንባታ ባለሙያ ጥሩ።

ለረጠበ ግድግዳ የሚተነፍስ ሽፋን ይሻለዋል። የኖራ ቀለም ውሃውን እንዲተን ያደርገዋል፣ ሻጋታም ኖራን አይወድም። በተለይ በወበቃማ ቦታ ኤሲ ባለበት ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ የግድግዳ ወረቀት አትለጥፉ። ከውጭ የሚገባው እንፋሎት ቀዝቃዛው ወረቀት ጀርባ ላይ ይጠራቀምና ሳታዩት ከኋላው ይሻግታል።

መስኮት መቼ ይከፈት?

ኤሲ እየሠራ ከሆነ ዝጉት። ይሄ አያከራክርም።

ኤሲ ከሌላችሁ ነፋስ ማንቀሳቀስ ነው መፍትሔው። ተቃራኒ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ወይም መስኮትና በር ክፈቱ፣ አንዱን ብቻ መክፈት ብዙም አየር አያንቀሳቅስም። ቬንትሌተር አየሩን አያደርቀውም፣ ግን ግድግዳ ሥር ተኝቶ የነበረውን አየር ስለሚያንቀሳቅሰው እርጥበቱ አንድ ቦታ እንዳይረጋ ያደርጋል። በየጊዜው ወደ ሻጋታው ጥግ አዙሩት።

ከቀዝቃዛ ቀናት በኋላ ድንገት ወበቅ ሲመጣ ግን ተጠንቀቁ። ወለሉና ግድግዳው ገና እንደቀዘቀዙ ናቸው፣ በሩን ስትከፍቱ የሚገባው ሙቅ አየር እነሱ ላይ ያራግፋል። ሴራሚኩ ሲያዳልጥ ካያችሁ ዝጉና ቤቱ ቀስ እያለ እስኪሞቅ ጠብቁ። አገሩ ሙቅም ደረቅም ከሆነ ግን በዚህ አትጨነቁ፣ ማታ ከፍታችሁ አየሩን መቀየር ትችላላችሁ። እዚያ ሻጋታ ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከቧንቧ የሚያፈስ ነገር ወይም በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነው። ያ ማቀዝቀዣ የሚያቀዘቅዘው ውሃ እያተነነ ወደ ክፍሉ በመንፋት ስለሆነ ሲሠራ ሁልጊዜ መስኮት መከፈት አለበት፣ ወበቅ ባለበት ቀን ደግሞ ማቀዝቀዣው ራሱ ባይበራ ይሻላል።

ኤሲ ወዳጅም ጠላትም ነው

ኤሲ ከማቀዝቀዝ ጎን ለጎን አየሩን ያደርቃል። ከኋላው በቱቦ የሚንጠባጠበው ውሃ ከክፍላችሁ አየር የወጣ ነው። በወበቅ ቀን ኤሲው ሲሠራ ቱቦው ካልተንጠባጠበ ወይ ተደፍኗል ወይ እያደረቀ አይደለም። የተደፈነ ከሆነ ውሃው ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይፈሳል፣ ከኤሲው በታች ያለው ረዥም እድፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ለክፍሉ ከሚገባው በላይ ትልቅ ኤሲ መግዛት ጥቅም ይመስላል፣ ግን አይደለም። ትልቁ ኤሲ ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ ውሃውን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ክፍሉ ቀዝቃዛም እርጥብም ሆኖ ይቀራል፣ ሻጋታ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይፈልግም። ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ሪሞቱ ላይ የፋኑን ምርጫ «አውቶ» ላይ ተዉት፤ ያለማቋረጥ እንዲነፍስ ካደረጋችሁት ማቀዝቀዣው ሲያርፍ ውስጡ የቀረውን ውሃ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። ሙቀቱ ሳይበዛ ወበቁ ብቻ ካስቸገረ የውሃ ጠብታ ምልክት ያለበትን «ድራይ» የሚለውን ተጠቀሙ። ፊልተሩን በወር አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እጠቡት፣ ሳይደርቅ ግን አትመልሱት። የአየር መውጫው ምላስ ላይ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ወይም ስታበሩት የታፈነ ሽታ ካመጣ ውስጡም ሻግቷል ማለት ነው፣ ባለሙያ ፈትቶ ይጠበው።

ኤሲ የማያስፈልግበት ግን እርጥበት ያለበት ክፍል ካላችሁ እርጥበት መጣጭ ማሽን ጥሩ ነው። ክፍሉን ዝጉና አብሩት፣ ባልዲውን ቶሎ ቶሎ ድፉ። ትንሽ ሙቀት እንደሚጨምር ግን እወቁ።

አሁን ወደ ማጽዳቱ

ምንጩ ከተያዘ በኋላ ማጽዳቱ ትርጉም አለው። የሻገተው ቦታ በድምሩ ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ። ከዚያ ከበለጠ ወይም ውሃው ከፍሳሽ መስመር የመጣ ከሆነ ባለሙያ ይሥራው። አስም ያለበት፣ የሳንባ ሕመም ያለበት ወይም የሰውነቱ መከላከል የደከመ ሰው በፍጹም አያጽዳ፣ በሚጸዳበት ሰዓትም ቤት ውስጥ ባይኖር ይመረጣል። ሕጻናትንም አውጡ።

ኤን 95 የሚባለውን ማስክ አድርጉ፤ ተራ ጨርቅ ስፖሩን አያስቆመውም። የጎማ ጓንት፣ ዓይንን ገጥሞ የሚዘጋ መነጽርም ያስፈልጋል። የክፍሉን በር ዝጉ፣ ወደ ውጭ የሚወስደውን መስኮት ክፈቱ፣ ቬንትሌተርና ኤሲ አጥፉ። አለበለዚያ ስፖሩን ቤት ሙሉ ትበትኑታላችሁ። በዚሁ ምክንያት ደረቅ ሻጋታን በመጥረጊያ ወይም በደረቅ ብሩሽ አትንኩት። መጀመሪያ አርጥቡት።

ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና፣ ስፖንጅ፣ ሁለት ባልዲ። አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ለማለቅለቂያ። ከጠርዙ ወደ መሃል እየመጣችሁ ፈግፍጉ፣ ከመሃል ወደ ውጭ ከሄዳችሁ ንጹሁን ታበላሹታላችሁ። በንጹህ ውሃ አልቅልቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ቬንትሌተር አዙራችሁ እስኪደርቅ አትልቀቁት። ስፖንጁንና ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉ።

እውነቱን ለመናገር ለጠንካራ ገጽ፣ ለሴራሚክ፣ ለመስታወት፣ ለብረት፣ ሳሙና ይበቃል። በረኪና ከፈለጋችሁ ከሳሙናው በኋላ ይምጣ፣ በ1 ሊትር ውሃ ከ60 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። በረኪና እንጨትና ልስን ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ላዩን ያነጣዋል፣ ሥሩ ይቀራል። የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ ያስነሳል፣ ስለዚህ ዋናው ነገር መግደል ሳይሆን ከቦታው ማንሳት ነው።

አንድ ነገር አደራ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ሰው ሊገድልም ይችላል። «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ» የሚባለው አደገኛ ወሬ ነው።

የማይጸዳም አለ። ሻጋታ ውስጡ የገባ ፍራሽ፣ ስፖንጅ ያለው ሶፋ፣ የጂፕሰም ቦርድ፣ አብጦ የተፈረፈረ ቺፕውድ፣ የምንጣፍ ሥር ስፖንጅ አይድንም። ማጣቱ ያማል፣ ግን ጣሉት። ልብስ ግን ይድናል። ውጭ አራግፉት፣ ጨርቁ ከቻለ 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። የቆዳ ጫማና ቦርሳ ውጭ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ ትንሽ አልኮል በነካ ጨርቅ ደግማችሁ ጥረጉት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ፀሐይ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። የማይተካ መጽሐፍ ወይም ሰነድ ረጥቦባችሁ ወዲያው ማድረቅ ካልቻላችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ሻጋታው አይሞትም፣ ግን ይቆማል፣ እናንተም ጊዜ ታገኛላችሁ።

የሻጋታው ቀለም ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ መሆኑ ስለ አደገኝነቱ ብዙ አይነግራችሁም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማስመርመር የምታወጡትን ገንዘብ ፍሳሹን ለማስጠገን አውሉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያም መልእክቱ ይሄው ነው፤ እርጥበቱን መከላከል፣ ሻጋታው ከታየም ማስወገድ። ቤት ውስጥ ሲሆኑ የሚያስላችሁ፣ አፍንጫችሁን የሚያፍን፣ ዓይናችሁን የሚያሳክክ፣ ወጣ ስትሉ ግን የሚተዋችሁ ከሆነ ለሐኪም ስትናገሩ የሻጋታውንም ነገር አብራችሁ ንገሩት።

ቁም ሳጥን፣ ሻወር፣ የታጠበ ልብስ

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት። በተለይ ግድግዳው የውጭ ከሆነ። ዛሬ ማታ ጎትታችሁ ጀርባውን በባትሪ እዩት፣ ቺፕውዱን በእጃችሁ ዳብሱት፣ አሽትቱት። ብዙ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሻጋታ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ባለቤቱ ግን ልብሱ ላይ ሲወጣ ነው የሚያውቀው። ልብስ ጠቅጥቃችሁ አትሙሉ፣ ላብ ያለበትን ወይም በደንብ ያልደረቀን አታስገቡ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ሰዓት በሩን ከፍታችሁ ቬንትሌተር አዙሩበት። በጫማ ካርቶን የምትመጣዋ የሲሊካ ከረጢት ለጫማ ሳጥን እንጂ ለቁም ሳጥን አትበቃም። ለቁም ሳጥን የካልሲየም ክሎራይድ መጣጭ ይሻላል፤ እርጥበት እየሳበ ውሃ ይሆናል፣ ሲሞላ ይደፋል። ውሃው ልብስና ቆዳ ስለሚያበላሽ ከሥር አስቀምጡት፣ ሕጻናትም አይድረሱበት።

ሻወር ወስዳችሁ ስትጨርሱ ግድግዳውንና ወለሉን በጎማ መጥረጊያ ወደ ፍሳሹ ግፉት። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ለውጡ ግን ይታያል። የአየር ማስወጫ ፋን ካለ ከጨረሳችሁ በኋላም 20 ወይም 30 ደቂቃ ይሥራ። ፋኑ አየሩን የሚያወጣው ወደ ውጭ መሆኑን አንድ ጊዜ አረጋግጡ። ኮርኒስ ውስጥ የሚነፋ ከሆነ ሻጋታውን ከሻወር ቤት ወደ ጣሪያው ሥር አዛወራችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም። ወጥ ቤትም ውሃ ስታፈሉ ድስቱን ክደኑ።

የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ። አንድ ማሽን ሙሉ ልብስ ሲደርቅ እስከ 2 ሊትር ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ግድ ከሆነ አንድ ክፍል መርጣችሁ በሩን ዝጉ፣ እዚያ እርጥበት መጣጭ ወይም ኤሲ አብሩ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በር በጥቅም ላይ ካልሆነ ክፍት ይደር፣ የበሩን ጎማ እጥፋት ደግሞ ገልጣችሁ አድርቁት። የፍሪጁንም ጎማ እንደዚሁ፣ ከኋላው ያለችውንም የውሃ መቀበያ ሳህን አትርሷት።

ድንገት ቤት ውስጥ ውሃ ከፈሰሰ፣ ቧንቧ ፈንድቶም ይሁን ጎርፍ ገብቶ፣ ያላችሁ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሻጋታው ይጀምራል፣ በሙቀት ደግሞ አይዘገይም። ውሃው ወደ ሶኬት የቀረበ ከሆነ ዋናውን መብራት አጥፉ፤ ማጥፊያው ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካለባችሁ ግን አትንኩት፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ከዚያ ውሃውን ቅዱና አውጡ፣ ምንጣፉን ከነሥሩ አንሱት፣ ዕቃውን ከግድግዳ አርቁ፣ ፍራሹን አቁሙት። መብራቱ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ያላችሁን ቬንትሌተር ሁሉ አዙሩ። ላዩ ሲደርቅ ጨርሰናል አትበሉ፣ ልስኑና እንጨቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ለመውጣት ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ፎይሉን እንደገና ለጥፉና ከሥሩ ደርቆ እስክታገኙት ጠብቁ።